ስም ያለው በር

ዊል ክራውዘር በሁለት ዓይነት መንገድ ጠቋሚነት የሚታወቅ ሰው ነው። አንደኛው እንጀራው ነበር። ቦልት፣ ቤራኔክ ኤንድ ኒውማን በተባለው የማሳቹሴትስ ኩባንያ ውስጥ ሲሠራ፣ የዛሬው ኢንተርኔት ቀዳሚ የሆነው አርፓኔት መልእክቶችን ከአንዱ ጣቢያ ወደ ሌላው የሚያሸጋግርበትን ፕሮግራም ከጻፉት አንዱ ነበር። በዚያ አሠራር የትኛውም ጣቢያ የመረቡን ሙሉ ካርታ አይዝም። የሚያውቀው ጎረቤቶቹን ብቻ ነው። ጎረቤቶቹ የሚነግሩትን እየሰማ “ወደዚያ አገር በዚህ በኩል ይቀርባል” የሚል ግምት ይይዝና መልእክቱን ለቀጣዩ ያቀብላል። ማንም አጠቃላዩን ሳያውቅ መልእክቱ ይደርሳል።

ሁለተኛው የትርፍ ጊዜ ሥራው ነበር። ከባለቤቱ ከፓትሪሺያ ጋር ኬንታኪ ውስጥ በማሞዝ ዋሻ አካባቢ በደረታቸው እየተሳቡ የምድር ውስጥ መተላለፊያዎችን ይለኩ ነበር። ቤታቸው ሲመለሱ ልኬቱን ወደ ኮምፒዩተር አስገብተው ካርታ ያስወጡበታል። እ.ኤ.አ. በ1972 የፍሊንት ሪጅ ዋሻና ማሞዝ ዋሻ በውስጥ ለውስጥ የሚገናኙ መሆናቸውን ያረጋገጠው ቡድን ውስጥ ፓትሪሺያ ነበረችበት። የዓለም ረጅሙ ዋሻ የሚባለው ይኸው ነው።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ባልና ሚስቱ ተፋቱ። ክራውዘር በ1975 እና በ1976 መካከል፣ ሴቶች ልጆቹ እንዲጫወቱበት ብሎ የሚያውቀውን ዋሻ በቃላት ብቻ ኮምፒዩተር ላይ ጻፈው። ሥዕል የለውም፣ ድምፅ የለውም። ኮምፒዩተሩ ተጫዋቹ የቆመበትን ቦታ ይገልጻል፤ ተጫዋቹ “ወደ ምዕራብ ሂድ”፣ “ፋኖሱን አንሣ” እንደ ማለት ያለ አጭር ትእዛዝ ይጽፋል። በ1977 ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የነበረው ዶን ዉድስ ጨዋታውን አስፋፋውና ኮሎሳል ኬቭ በየዩኒቨርሲቲው ኮምፒዩተር ተዳረሰ።

ዛሬ ሚሊዮኖች የሚውሉባቸው ምናባዊ ዓለማት “ክፍል” የሚለውን አሳብ የወረሱት ከዚህ ዋሻና ከዘመዶቹ ነው። በእነዚህ ዓለማት ክፍል ማለት አራት ግድግዳና ጣሪያ ማለት አይደለም። ሜዳም ክፍል ነው፣ የወንዝ ዳርም ክፍል ነው፣ የዛፍ ጫፍም ክፍል ነው። አንድ ሰው በአንድ ጊዜ ሊቆምበት የሚችል ቦታ፣ የቦታው መግለጫ፣ ከቦታው የሚያስወጡ በሮች፤ ሦስቱ ከተሟሉ ክፍል ተባለ። መንገድ ማግኘት ማለትም ከክፍል ወደ ክፍል ያለውን የበሮች ሰንሰለት ማወቅ ነው።

ክራውዘር በዋሻው ውስጥ አንድ ክፉ ቦታ አኖረ። መግለጫቸው ቃል በቃል አንድ ዓይነት የሆኑ፣ እርስ በርሳቸው የተጠላለፉ ክፍሎች ናቸው። ተጫዋቹ ወደ ሰሜን ሄዶ ወደ ደቡብ ቢመለስ የወጣበትን ክፍል ላያገኘው ይችላል። ቢያገኘውም አያውቀውም፤ ሁሉም ክፍል የሚናገረው ያንኑ ነውና። ለዚህ ችግር ተጫዋቾች ያገኙት ብልሃት ቀላል ነበር፤ የያዙትን ዕቃ መጣል። በአንዱ ክፍል ቁልፍ፣ በሌላው ጠርሙስ፣ በሦስተኛው ስንቅ ይጥላሉ። ከዚያ በኋላ “ቁልፉ ያለበት ክፍል” የሚባል ነገር ይኖራል። ከእርሱ ወደ ምሥራቅ ቢሄዱ “ጠርሙሱ ያለበት” እንደሚመጣ በወረቀት ላይ ይጻፋል። መንገዱ በአንድ ክንድ እንኳ አላጠረም። ክፍሎቹ ግን ስም አገኙ፤ ስም ሲያገኙ ግራ መጋባቱ ቀረ።

በዚያው ዋሻ ውስጥ ሌላ ዓይነት መፍትሔም ነበር። ኤክስ፣ ዋይ፣ ዚ፣ ዚ፣ ዋይ ተብላ የምትጻፍ ትርጉም የለሽ የአስማት ቃል አለች። እርሷን የጻፈ ተጫዋች ከዋሻው ውስጥ ከመሬት በላይ ወዳለው ቤት በቅጽበት ይወረወራል፤ ደግሞ ሲጽፋት ይመለሳል። ከዚህ በኋላ በመጡት ምናባዊ ዓለማት ሁሉ የመንገድ ማሻሻያ የሚባለው ነገር ከእነዚህ ሁለት ወገኖች በአንዱ ይመደባል። አንዱ መንገደኛውን አንሥቶ ያደርሰዋል። ሌላው የት እንዳለ ይነግረውና እግሩን ለራሱ ይተውለታል። ሁለቱም ድካም ይቀንሳሉ፤ በሰውየው ላይ የሚተዉት ነገር ግን ይለያያል።

እ.ኤ.አ. በ1978 እንግሊዝ ውስጥ በኤሴክስ ዩኒቨርሲቲ ሮይ ትረብሾ የተባለ ተማሪ ብዙ ሰዎች በአንድ ጊዜ የሚገቡበትን የቃላት ዓለም መሥራት ጀመረ፤ ጓደኛው ሪቻርድ ባርትል ተረክቦ ቀጠለው። ማድ ይባላል። ከዚያ በኋላ ለመጡት ተመሳሳይ ዓለማትም መጠሪያ ሆኖ ቀርቷል። በዋሻው ውስጥ ተጫዋቹ ብቻውን ነበር፤ እዚህ ግን ክፍል ውስጥ ሌላ ሰው ሊኖር ይችላል። መንገድ የጠፋው ሰው ሌላውን መጠየቅ ቻለ። እግረኛው በፍጥነት መሄድ ስለሚፈልግም አቅጣጫዎች በአንድ ፊደል ይጻፋሉ፤ ኤን ሰሜን፣ ኤስ ደቡብ፣ ኢ ምሥራቅ፣ ደብልዩ ምዕራብ። የለመደ ተጫዋች አንድ ከተማ ሙሉ በጥቂት ፊደላት ይሻገራል።

ይህ ልማድ በአማርኛ ቢሞከር ገና ከመነሻው ይሰናከል ነበር። ሰሜን በሰ፣ ደቡብ በደ ይጀምራሉ፤ ምሥራቅና ምዕራብ ግን ሁለቱም በም ይጀምራሉ። አንዲት “ም” የጻፈ መንገደኛ ፀሐይ ወደምትወጣበት ይሂድ ወደምትጠልቅበት ማሽኑ ሊያውቅለት አይችልም። ደግነቱ አማርኛ ተናጋሪ መንገድ ሲያሳይ እነዚህን አራት ቃላት እምብዛም አይጠቀምባቸውም። “ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ”፣ “ከድልድዩ ወደ ላይ”፣ “ባንኩን አልፎ በስተቀኝ” ይላል። አዲስ አበባ ውስጥ ሰባራ ባቡር የሚባል ሰፈር አለ፤ ሰፈሩን ያስጠራው ባቡር ከቦታው ከጠፋ ዘመን የለውም፣ ስሙ ግን እስከ ዛሬ መንገደኛ ያደርሳል። የመንገድ ቁጥር በሌለበት አገር ያደገ ሰው በዋሻው ውስጥ ቁልፍና ጠርሙስ የጣሉትን ተጫዋቾች ብልሃት ያለ አስተርጓሚ ይረዳዋል።

የቃላት ዓለማት ወደ ከተማነት ያደጉት በ1990ዎቹ መጀመሪያ ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ በዜሮክስ ኩባንያ የምርምር ማዕከል ይሠራ የነበረው ፓቬል ከርቲስ ላምዳሙ የሚባለውን ዓለም ከፈተ። የዓለሙ መሠረት አንድ ትልቅ ቤት ነው፤ ከርቲስ የራሱን መኖሪያ ቤት አስመስሎ ነበር የጻፈው። እንግዳ ሲገባ መጀመሪያ ራሱን የሚያገኘው በጨለማ የካፖርት መስቀያ ቁም ሣጥን ውስጥ ነው። በሩን ከፍቶ ሲወጣ ሳሎን ይገባል፤ ሳሎኑ ውስጥ ሰዎች ተቀምጠው ያወራሉ። አዲስ የመጣ ሁሉ በዚያ በር ስለሚወጣ ሳሎኑ ሁልጊዜ ሰው አይጠፋውም ነበር። የበሩ አቀማመጥ ብቻውን አደባባይ ፈጠረ።

ላምዳሙ ነዋሪዎቹ ራሳቸው ክፍል እንዲቆፍሩ ይፈቅዳል። ትእዛዙ ራሱ “ቆፍር” የሚል ነው። የሚቆፍረው ሰው የክፍሉን ስም፣ የመውጫውን ስምና የመመለሻውን ስም አብሮ ይጽፋል። በዚህ ዓለም በር በአንድ በኩል ብቻ የሚሠራ ነገር ነው፤ መሄጃው ስለተሠራ ብቻ መመለሻ አይኖርም፣ ለብቻው መሠራት አለበት። ጥንቁቅ ሠሪ ለአንድ በር ሁለትና ሦስት ስም ይሰጠዋል፤ ሙሉ ስም ለሚያነብ፣ አጭር ስም ለሚቸኩል። አዲሱን ክፍል ከሰው ክፍል ጋር ለማያያዝ ደግሞ የዚያን ክፍል ባለቤት ፈቃድ ማግኘት ያስፈልጋል።

ውጤቱን መገመት አያስቸግርም። ሰው ሁሉ ሲቆፍር ከዋናው ቤት ጋር ጨርሶ የማይያያዙ ክፍሎች በዙ፤ በየትኛውም በር ተወጥቶ የማይደረስባቸው ናቸው። ያን ጊዜ የአስማቷ ቃል ተራ ትእዛዝ ሆና ተመለሰች። “ወደዚህ ክፍል ውሰደኝ”፣ “እገሌ ካለበት አድርሰኝ”፣ “ቤቴ መልሰኝ” ማለት ተቻለ። ወዳጁን የሚፈልግ ሰው ሃያ በር መክፈት ቀረለት። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ብዙዎች በጓዳቸው የሠሩትን ለሌላ ሰው ማሳየት የቻሉት በዚህ መንገድ ብቻ ነው። ነገር ግን ሁሉም ወደሚፈልገው ክፍል በቀጥታ ሲወረወር ኮሪደሮቹ ባዶ ቀሩ። ኮሪደር ላይ የሚገናኝ ሰው የሚገናኘው ሳያስበው ነው፤ በትእዛዝ የሚደርስ ሰው የሚያገኘው የፈለገውን ብቻ ነው።

ይኸው ክርክር በሥዕል በተሠራው ዓለም በገንዘብ ተመንዝሮ ታየ። የሳን ፍራንሲስኮው ሊንደን ላብ እ.ኤ.አ. በ2003 ሰከንድ ላይፍን ለሕዝብ ከፈተ። በዚህ ዓለም ክፍሎቹ የሚታዩ ናቸው፤ ቤት፣ ገበያ፣ ባሕር፣ የዳንስ አዳራሽ። መሬቱ በጎኑ 256 ሜትር በሆኑ አራት ማዕዘን ክልሎች ተከፋፍሎ ይሸጣል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ነዋሪው ሩቅ ቦታ መሄድ ሲፈልግ የሚወረወረው ወደ ቦታው ሳይሆን በአቅራቢያው ወዳለው መናኸሪያ ነበር። ከዚያ መድረሻውን የሚያመለክት ቀይ ጨረር እያየ ቀሪውን መንገድ ይበርራል። መናኸሪያ ባለበት መንገደኛ አለ፣ መንገደኛ ባለበትም ሱቅ አለ። በመናኸሪያዎቹ ዙሪያ ያለው መሬት ተወደደ፤ የገበያ አዳራሾች ተደረደሩበት።

በ2005 ማብቂያ ላይ ኩባንያው መናኸሪያዎቹን አስቀርቶ ነዋሪው ወደፈለገው ነጥብ በቀጥታ እንዲወረወር ፈቀደ። ለብዙው ነዋሪ እፎይታ ነበር። በሩቅ ጥግ ርካሽ መሬት የገዛ ሰው ቤቱ ከማንም ቤት እኩል ቅርብ ሆነለት። በመናኸሪያው አጠገብ በውድ የገዙት ግን አጉረመረሙ፤ የገዙት መሬቱን ብቻ አልነበረም፣ የእግረኛውን ማለፍም ጭምር ነበር። አንድ የመንገድ ማሻሻያ የማን ደጃፍ ሰው እንደሚያልፍበት ይወስናል። በእውነተኛ ከተማ አዲስ የባቡር ጣቢያ ሲከፈት ወይም የአውቶቡስ መስመር ሲቀየር የሚሆነው ይኸው ነው።

እስከዚህ ድረስ የተነገረው ሁሉ ለሚያይ ሰው ነው። ማየት ለተሳነው ተጫዋች ታሪኩ በሌላ አቅጣጫ ይሄዳል፤ የክፍልና የበር ነገር ምን ያህል ክብደት እንዳለው የሚታየውም በእርሱ በኩል ነው።

የቃላት ዓለማት ለዓይነ ስውራን ተብለው የተሠሩ አልነበሩም። ሠሪዎቹ በዘመኑ በነበረው ማሽን ሥዕል ማሳየት ስለማይመች ነው በቃል የጻፏቸው። ነገር ግን በስክሪን ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም ሲመጣ፣ ዓይነ ስውሩ ተጫዋች ከሚያየው ተጫዋች ጋር በአንድ ክፍል፣ በአንድ መግለጫ፣ በአንድ በር ፊት እኩል ቆመ። የሚያየው ሰው በዓይኑ ያነበበውን እርሱ በጆሮው አነበበ። ምርኩዝ የማያስፈልግበት፣ ክንድ ይዞ የሚመራ ሰው የማይፈለግበት ከተማ ነበር። ዓለም ሁሉ ወደ ሥዕል ከሄደ በኋላ እነዚህ የቃላት ዓለማት እስከ ዛሬ ሕይወት ካላቸው አንዱ ምክንያት ዓይነ ስውራን ተጫዋቾች ሳይለቋቸው መቅረታቸው ነው።

እዚያም ቢሆን ማሻሻያው ሁሉ ማሻሻያ አልሆነላቸውም። ብዙ የቃላት ዓለማት ለተጫዋቹ እንዲቀል ብለው በየክፍሉ መግለጫ ጎን በሰረዝ፣ በመደመር ምልክትና በቋሚ መስመር የተሣለች ትንሽ ካርታ ጨመሩ። ለሚያይ ሰው ካርታዋ በአንድ ዐይታ የምትገባ ናት። ድምፅ አንባቢው ፕሮግራም ግን “ሰረዝ፣ ሰረዝ፣ መደመር፣ ባዶ፣ ሰረዝ” እያለ ይቆጥራታል። ተጫዋቹ በየእርምጃው ይህን ሰምቶ ሳይጨርስ ጠላት ይደርስበታል። ለአንዱ መስኮት የሆነው ለሌላው ግድግዳ ሆነ።

የተሻለው መፍትሔ አሮጌው ነው። ካርታዋን ማጥፋት የሚቻልበት ትእዛዝ ማኖር፤ መውጫዎችን ሁልጊዜ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ቅደም ተከተል፣ በአጭሩ መዘርዘር፤ በሩ የሚያደርስበትን ክፍል ስም ከመግባት በፊት መንገር፤ ቀጥሎ ባለው ክፍል ማን እንዳለ መጠየቅ ማስቻል። “ሰሜን፦ የአንጥረኞች ጎዳና። ምሥራቅ፦ የከተማው በር።” ይህን የሰማ ሰው ሳይንቀሳቀስ የት እንዳለ ያውቃል፤ መሄድም መቅረትም የእርሱ ምርጫ ነው። ለዓይነ ስውሩ ተብሎ የተሠራው ይህ ዝርዝር ቸኩሎ የሚሄደውንም፣ እንግሊዝኛ እያጠረው በውጭ አገር የሚጫወተውንም ይጠቅማል።

በሰከንድ ላይፍ ግን ዓይነ ስውር የሚቆምበት ቦታ አልነበረውም። ያ ዓለም ሁሉ ሥዕል ነው፤ በዚያን ጊዜ ድምፅ አንባቢ ፕሮግራም ሥዕልን አያነብም ነበር። በኔቫዳ ዩኒቨርሲቲ ሪኖ፣ ኤልኬ ፎልመር የተባለ ተመራማሪና ተማሪዎቹ ይህን በር ለመክፈት ተነሡ። በ2009 ይፋ ያደረጉት ፕሮግራም ቴክስትኤስኤል ይባላል። አሠራሩን የወሰዱት ከጥንቶቹ የቃላት ጨዋታዎች ነው። ተጠቃሚው “ግለጽልኝ” ብሎ ይጽፋል፤ ፕሮግራሙ በዙሪያው ያሉትን ሰዎችና ዕቃዎች በጽሑፍ ይነግረዋል፤ ጽሑፉን ድምፅ አንባቢው ያነብለታል። “ወደዚያ ሂድ” ሲል ይሄዳል። በሚሊዮን የሚቆጠር ገንዘብ የፈሰሰበት ባለ ሥዕል ዓለም፣ ሁሉም ሰው እንዲገባበት ሲፈለግ፣ ከሠላሳ ዓመት በፊት በነበረው የዋሻ ቋንቋ መናገር ነበረበት።

ተመራማሪዎቹ ግን ያልተዘጋጁበት ግድግዳ አጋጠማቸው። ፕሮግራሙ በዙሪያው ያለውን ሊናገር የሚችለው ዕቃዎቹ ስም ካላቸው ነው። በሰከንድ ላይፍ አንድ ነዋሪ አዲስ ነገር ሲሠራ ማሽኑ ራሱ የሚሰጠው ስም “ዕቃ” የሚል ነው። ሠሪው ወንበር ይሥራው፣ ፒያኖ ወይም የመግቢያ በር፣ ስሙን ካልቀየረው “ዕቃ” ሆኖ ይቀራል። ብዙዎች አልቀየሩትም። ለምን ይቀይሩታል? በር መሆኑ ይታያል፤ የሚያይ ሰው ስም አይጠይቅም። ስለዚህ ዓይነ ስውሩ እንግዳ በአንድ ያማረ አዳራሽ ውስጥ ቆሞ “ግለጽልኝ” ሲል የሚሰማው “ዕቃ፣ ዕቃ፣ ዕቃ” ነው። ሁሉም ክፍል ያንኑ የሚናገርበት የዋሻው ክፉ ቦታ፣ በዚህ ጊዜ ማንም ሳያስበው ተሠራ። በሌላ በኩል ስም ያላቸው ነገሮች በተጨናነቁበት ቦታ ደግሞ ዝርዝሩ ስለሚበዛ፣ ሁሉን በአንድ ትንፋሽ ከማውረድ ይልቅ በጥቂት በጥቂቱ ማቅረብ አስፈለገ።

ፎልመርና ባልደረቦቹ ለስም አልባዎቹ ዕቃዎች ያመጡት መላ ጨዋታ ነበር። የሚያዩ የሰከንድ ላይፍ ነዋሪዎች በዓለሙ ውስጥ እየዞሩ ዕቃ እንዲፈልጉና በእያንዳንዱ ላይ ምንነቱን የሚናገር ስም እንዲለጥፉ የሚጋብዝ ነው። ለተጫዋቹ መዝናኛ ነው፤ ከኋላው ለሚመጣው ዓይነ ስውር ግን ግድግዳ ላይ በር መክፈት ነው። በዋሻው ቁልፍና ጠርሙስ የጣሉት ተጫዋቾች ለራሳቸው ምልክት ተዉ። እነዚህ ለማያውቁት ሰው ተዉ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ሦስት ዓይነት ማሻሻያ ታይቷል። በቅጽበት መወርወር መንገዱን አጠፋው፤ ሩቁን አቀረበ፣ ኮሪደሩንም ባዶ አደረገ። ካርታው መንገዱን አሣየ፤ ለሚያይ ብቻ። ስም ግን መንገዱን እንዳለ ትቶ መንገደኛውን አበረታው። ከሦስቱ ርካሹ እርሱ ነው። አዲስ ማሽን አይጠይቅም፣ አዲስ ሥዕል አይጠይቅም። ይህን ያህል ርካሽ ሆኖ ሳለ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው፣ ድካሙ የአንዱ፣ ጥቅሙ የሌላው ስለሆነ ነው። በሩን የሠራው ሰው በሩን ያውቀዋል። ስሙ የሚያስፈልገው ገና ላልመጣው ነው፤ ገና ያልመጣ ሰው ደግሞ ቅሬታ አያቀርብም፣ ዝም ብሎ ይቀራል።

ጉዳዩ ከጨዋታ ይሰፋል። ዛሬ የባንክ፣ የሆስፒታል ቀጠሮ፣ የኢሚግሬሽን ማመልከቻ ሁሉ በስክሪን ላይ ያለ ክፍል ነው፤ በሮቹም የሚጫኑ ሥዕሎች ናቸው። ከሥዕሉ ጀርባ ሠሪው “ላክ”፣ “ተመለስ”፣ “ቀጠሮ ያዝ” ብሎ ስም ካልጻፈ፣ ድምፅ አንባቢው “ቁልፍ” ብቻ ብሎ ያልፋል። የትኛው ቁልፍ? የምን ቁልፍ? ዓይነ ስውሩ ሰው ያን ጊዜ የሚያደርገው ሌላ ሰው መጥራት ነው፤ ልጁን፣ ጎረቤቱን፣ የሥራ ባልደረባውን። የባንክ ሒሳቡንም፣ የሕመሙንም ወረቀት የሚያነብለት ያ ሰው ይሆናል። አንዲት ያልተጻፈች ቃል የሰውን ገመና ለሌላ ሰው ዓይን ትሰጣለች።

በሰከንድ ላይፍ ውስጥ አንድ ነገር ሲሠራ በሚከፈተው ሰሌዳ ላይ አንዲት የስም መስመር አለች። “ዕቃ” የሚለው በውስጧ ተጽፎ ይጠብቃል። አጥፍቶ “የሰሜን በር፣ ወደ አደባባዩ የሚያስወጣ” ብሎ ለመጻፍ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።